ደጅ ጥናት በፓርክላንድስ

ናይሮቢ ሳለሁ ሰው በማስቀጠር ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ። ይህ ሥራ ዛሬ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ስም አለው ብለው ነግረውኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። በእኛ ጊዜ ስሙ ሁለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከሆንኩ "ወንድማችን በሥራ ጉዳይ ያገለግላል" እባላለሁ፤ ስደተኛው የሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር ሻይ ቤት ስገባ ደግሞ "ደላላው መጣ"። ሰውየው ያው እኔው ነኝ፤ ኮቱም ያው አንድ ኮት ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተላላኪ ሆኜ ፋይል ከክፍል ክፍል ሳመላልስ ጎልማስኩ። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙው ሰው በሞያሌ በኩል ወጥቼ ናይሮቢ ገባሁ። ድለላውን ፈልጌ አልጀመርኩትም። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ሳውዝ ሲ የምትኖር የአየር መንገድ ሠራተኛ "ጋሼ፣ የማይጠጣ ሾፌር ያውቃሉ?" አለችኝ። አውቅ ነበር። ሾፌሩ ሥራ በያዘ በሳምንቱ ደግሞ ለጎረቤቷ ምግብ አብሳይ ፈለገች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሆነው።

ወረቀት አጥርቼ ስለማላነብ የራሴ አሠራር ነበረኝ። ሾፌር ከሆነ፣ ሻይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ይዤ አጠገቡ እቀመጥና አንድ ዙር ንዳኝ እለዋለሁ። ሱሪዬ ከራሰ ሰውየው ገና ነው። ምግብ አብሳይ ከሆነች፣ ሽንኩርት ድንገት ቢያልቅ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ "አስገዛለሁ" ያለችውን አልወስዳትም። ዘበኛን የምፈትነው በቀን፣ ምሳ በበላ በሰዓቱ ነው። ሌሊትማ ፍርሃቱ ራሱ አያስተኛውም።

ኋላ ግን ሲቪ የሚባል ነገር መጣ። አንድ የኛው አገር ሰው ኢስትሊ ውስጥ ኮምፒውተር ገዝቶ ጠባብ ክፍል ከፈተና የሰፈሩን ስደተኛ ሁሉ ሾመው። ልብስ አጣቢዋ የቤት ውስጥ አስተባባሪ ሆነች። ዘበኛው የጸጥታ ጉዳዮች ባለሙያ ተባለ። ሁሉም ግርጌው ላይ "በትርፍ ጊዜዬ ማንበብና መጓዝ እወዳለሁ" የሚል አለበት፤ የሰፈሩ ልጆች አንብበውልኛል። ማንበቡን እንጃ። መጓዙ ግን እውነት ነው፤ ድንበር በእግሩ ያቋረጠን ሰው መጓዝ ይወዳል ቢሉት ማን ይከራከራል?

ከሲቪው ጋር የስም ካርድ መጣ። በዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩት ወገኖቻችን ከአምልኮ በኋላ ሻዩን በግራ፣ ካርዱን በቀኝ ይይዛሉ። "ያዝ፣ ደውልልኝ" ይላሉ። ኢስትሊ ያለው ሰው በየትኛው ስልክ እንደሚደውል የሚጠይቅ የለም። ሰዉ ካርዶቹን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ይሰካቸዋል። አንዳንዱ ጥቅስ ፈልግ ሲባል መጀመሪያ የሚያገኘው የሎጂስቲክስ ኃላፊ ነው።

ከባለ ካርዶቹ መካከል አንዱ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ቤቱ ፓርክላንድስ ነው። ግቢው ውስጥ አበባ አለ፣ ውሻ አለ፣ ውሻውን የሚይዝ ሰው አለ። ውሻ ያዡን ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ጥሩ ይለብሳል፤ ሲጸልይ ድምፁ ያምራል። ክፉ ሰው ነበር ልል አልችልም። ሰው ሲለምነው ደስ ይለዋል፣ ያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈላጊው ሁሉ እሱ ሳሎን ይሰበሰባል። ወጣቶቹ ይህን ኔትወርኪንግ ይሉታል፤ አዲስ ነገር ያገኙ መስሏቸው ነው። እኔ ገና በሩን ስገባ አወቅሁት። አባቴ ለአንዲት ቁራሽ መሬት ብሎ የአውራጃው ገዢ በር ላይ ሁለት ክረምት ከርሟል። ደጅ ጥናት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። አባቴ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኛ ብስኩት ይቀርብልናል።

ሥርዓት አለው። አዲስ የመጣ ሰው በሩ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ እንጨት ወንበር ያልፋል። ሶፋው ላይ የሚቀመጡት ሥራ ያላቸው፣ የተሻለ ሥራ የሚፈልጉ ናቸው። ባለቤቱ ጄኔቫ ስለ ነበረው ስብሰባ ይናገራል። እሱ ፈገግ ሲል ፈገግ ትላለህ፤ "እኔም ዝም አላልኳቸው" ሲል ራስህን ትነቀንቃለህ። ከዚያ ጸሎት ይሆናል። በመጨረሻ ፖስታህን ይቀበልህና መዳፉ ላይ መዘን መዘን አድርጎ "እናየዋለን" ይላል፤ ስልኩ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። ኮፒ አይቀበልም። "ዋናውን ካላየሁ ስለ ሰው አልናገርም" ይላል። ይህ ንግግሩ በሁሉም ዘንድ ያስከብረው ነበር፤ በእኔም ጭምር።

እኔ ለእሱ እንደ እልፍኝ አስከልካይ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚናገር፣ የት እንደሚቀመጥ የማለማምደው እኔ ነኝ። እሱም በተራው ጎረቤቶቹና የሥራ ባልደረቦቹ ሾፌር ወይም ሞግዚት ሲፈልጉ ወደ እኔ ይልካቸዋል። እንጀራዬ በዚያ በኩል ነበር።

ነርሷ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራች፣ ቁጥብ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። ከእናቷ ጋር ኢስትሊ አንድ ክፍል ተከራይታለች። እናትየው ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ዓይናቸውንም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወሰደው ነበር። መርፌው መድኃኒት ብርድ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ከታች ሱቅ ያላት ሶማሌ ሴት ከሶዳ ጠርሙሶቿ መሐል ታስቀምጥላቸዋለች።

"ጋሼ፣ የስደተኛ ወረቀታችንን ልናሳድስ ስንሄድ ቁርጡን ነገሩን" አለችኝ እሑድ ሻይ ላይ። "እስከ መጪው ወር መጨረሻ የአሠሪ ደብዳቤ ካመጣሁ እዚህ እንቀራለን። ካላመጣሁ ወደ ካምፕ።"

"ካምፑም ቢሆን ሰው ይኖርበታል፣ ልጄ።"

"ሰው ይኖርበታል። ኢንሱሊን አይኖርበትም፤ በዚያ ሙቀት ሳምንት አይቆይም።"

በዚያው ሳምንት አንድ ያስቀጠርኩት ሾፌር ወሬ አመጣልኝ። ስደተኞችን የሚያክም አንድ የእርዳታ ድርጅት አማርኛ የምታውቅ ነርስ ይፈልጋል። እሑድ እስኪደርስ ቸኩዬ፣ ለፓርክላንድሱ ትልቅ ሰው ነገርኩት። ሻዩን ፉት አለና "እዚያማ ኃላፊዋ ወዳጄ ናት" አለኝ። "ለእኔ ይተዉት፣ ጋሼ። ቅዳሜ ይዘዋት ይምጡ። ዲፕሎማዋንም ዋናውን።"

ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። የፕላስቲኳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጄኔቫን ሰማን። ፖስታው ተመዘነ፤ "እናየዋለን" ተባለ። በሁለተኛው ቅዳሜ የእንጨት ወንበር ደረሳት። በማታቱ፣ በናይሮቢው ሚኒባስ፣ ስንመለስ ሙዚቃው ጆሯችንን እየበጠሰው "ስለ እኔ ምን አለ?" ብላ ጮኸችብኝ።

"ወደ እንጨት ወንበር አልፈሻል። ጥሩ ምልክት ነው።"

አየችኝ። አስተያየቷን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ያኔ ግን ድካም መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ሥራው ጭራሽ ሳይነሳ ቀረ። አንድ አዲስ እንግዳ መጥቶ ስለ መኪና ሲወራ ዋለ። ከግቢው ስንወጣ መንገዱ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ለምን እኔው ራሴ ወስጄ አልሰጥም?"

"እሱን አልፈሽ?"

"ምኑን አልፈዋለሁ? የድርጅቱ ቢሮ ሌላ ቦታ ነው ያለው።"

"ልጄ፣ ሰውየው ቃሉን ሰጥቷል። አንቺ በጎን ብትሄጂ አላመነችኝም ይላል፤ ይቀየማል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ።"

"እናቴ መርፌ ትወጋለች እንጂ ይሉኝታ አትወጋም።"

"አንድ ሳምንት ታገሺ" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት፤ ሌላ ማንም አላላትም። ደግሞም ዲፕሎማዋ እሱ ቤት ነበር፤ ባዶ እጇን የት ትሄዳለች?

ቅር ስላለኝ ረቡዕ ዕለት ብቻዬን ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። መግባት አላሰብኩም፤ በሩን ለማየት ያህል ነው። በሩ ላይ አንድ አስካሪ፣ ያው ዘበኛ፣ ጥላ ሥር ቆሟል። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ እዚህ ቤት ሥራ የሚፈልግ ሰው ማንን ደጅ ይጠናል ብዬ ለመጠየቅ ሞከርኩ። ለደጅ ጥናት ስዋሂሊ አጣሁለትና "ማንን ይለምናል?" አልኩት።

"ማንንም አይለምንም፣ ምዜ" አለኝ። ምዜ የሚሉት ሽማግሌን በአክብሮት ሲጠሩ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የእንጨት ሳጥን አሳየኝ። አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። "ወረቀትህን እዚህ ትጥላለህ። ለነርስ ሥራ የመጣው ከነገ ወዲያ ዓርብ በምሳ ሰዓት ተከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የመጣ አይታይም።"

"እንዲሁ ነው የሚጣለው?"

"እንዲሁ ነው። ሳጥን ነው እኮ።"

የትልቁን ሰው ስም ነግሬው እዚህ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። አያውቀውም። "ኃላፊዋ ወዳጁ ናት" አልኩት።

"ኃላፊው ወንድ ነው" አለኝ። "ጢም አለው።"

እዚህ ላይ ሮጬ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሮጥኩም። ኢስትሊ ተመልሼ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ሰውየውን ካስቀየምኩት ሾፌሩም፣ ሞግዚቱም፣ አትክልተኛውም በእኔ በኩል መቀጠሩ ይቀራል። ምናልባት ነገ ይሰጥላት ይሆናል አልኩ። ምናልባት ጢሙን ተላጭቶ ይሆናል አላልኩም እንጂ ያልደረደርኩት ምክንያት የለም። እንዲህ ስል ረቡዕ መሸ። ሐሙስም ከሻይ ቤቱ ሳልነሣ ከሰዓት ሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት ነርሷ ሻይ ቤቱ ድረስ መጣች። ሥራዬ ከምን ደረሰ ብላ አልጠየቀችኝም።

"ጋሼ፣ ሸክላ ማሰሮ የት ይገዛል?"

"ለምንሽ ነው?"

"መድኃኒቱን ማሰሮ ውስጥ አድርገው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲቀብሩት ትንሽ ቀን ይቆያል ብለውኛል። ካምፕ የነበረች ሴት ነች የነገረችኝ። እዚያ ማሰሮ ላላገኝ እችላለሁ፤ ይዤ ልሂድ ብዬ ነው።"

ተነሣሁ። "ማሰሮውን ተይው" አልኳትና ማታቱ ያዝኩ።

ፓርክላንድስ ስደርስ ሰውየው ከሥራ ገና መግባቱ ነው። ውሻው አልጮኸብኝም፤ ያዡ የእኔ ሰው ነው። ቅዳሜ ባለመሆኑ ሳሎኑ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ሰው ሳይኖርባቸው ደረጃ የላቸውም፤ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በነጠላ ጫማ ወጣና ደነገጠ። ስለ ጤና ተጠያየቅን፤ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን። የነርሷ ፖስታ ስልኩ አጠገብ እንዳለ ነው፤ አንድ የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫው ተደላድሎበታል።

"ስለ ነርሷ ጉዳይ ነበር አመጣጤ" አልኩ።

"እሱማ ሰጥቻለሁ እኮ" አለ ወዲያው። "ሰኞ ዕለት በእጄ ለኃላፊዋ ነው የሰጠኋት። በጣም ደስ ነው ያላት።"

ሁለታችንም ስኒውን አየነው። ከዚያ እሱ መስኮቱን አየ። ኮምፒውተሩ ቤት የታተመው ስሟ ከስኒው ማስቀመጫ ሥር ግማሹ ወጥቶ ይታያል፤ እኔ እንኳ የማነበው ፊደል ነው።

መጮኽ አላውቅበትም። ሃያ ዓመት ተላላኪ የነበረ ሰው መጮኽ አይለምድም። ስኒውን በቀስታ አነሣሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ፖስታውን ወሰድኩ።

"እግዚአብሔር ይባርክዎት" አልኩት። "ኃላፊዋ ጋ ከደረሰ፣ እንግዲያው ይሄኛው ትርፍ ነው ማለት ነው።"

"አዎ…" አለ። "ትርፍ ሳይሆን አይቀርም።"

"ታዲያ ቤት ከሚያጣብብብዎ ልውሰደው።"

"ይውሰዱት፣ ጋሼ፣ ይውሰዱት" አለ፤ እስከ በሩም ሸኘኝ። ከዚያ በፊት ሸኝቶኝ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ከነርሷ ጋር ወደ ሳጥኑ ሄድን። የሻይ ቀለበት ያረፈበትን ፖስታ በሌላ ቀይረን፣ ዲፕሎማውን ኮፒ አስነሥተን፣ በቀዳዳው ጣልነው። ወድቆ ታች ሲደርስ ጠብ አለ። ሦስት ቅዳሜ፣ ስድስት ማታቱ፣ ያ ሁሉ ጄኔቫ፤ ነገሩ የፈጀው ይቺን ታህል ነው። አስካሪው ሳቀብኝ። ይገባኛል።

በሳምንቱ ጠርተው ጠየቋት። ስትመለስ ሻይ ቤት አገኘችኝና ተቀመጠች።

"ምን አሉሽ?"

"ስለ ሥራው ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ድክመትሽ ምንድን ነው አሉኝ።"

"ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ምን አልሽ?"

"ምክር እሰማለሁ አልኳቸው።"

ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደብዳቤው ተሰጣት። ወረቀታቸው ታደሰ፤ ካምፑ ቀረ። ይህን ያህሉ ሲሆን ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ሐበሻ መሆናችንን ረስቼው ነው። እሑድ ዕለት ግቢው ውስጥ ትልቁ ሰው ሻዩን በግራው ይዞ ቆሟል፣ ሰዉ ከቦታል። "ለእህታችንማ ብዙ ደክሜአለሁ" ሲል ሰማሁት። "እነዚያ ሰዎች ቀላል እንዳይመስሏችሁ።" ነርሷ ከእኔ ጎን ነበረች። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፤ ዞር ብላ ሄደች። እኔም አልተናገርኩም። በቀጣዩ ቅዳሜ ሳሎኑ ሞልቶ የፕላስቲክ ወንበር ከጎረቤት ተዋሱ አሉ። እኔ ግን አልተጠራሁም። ከዚያ ወዲህ ሾፌር የፈለገ ሰው ከፓርክላንድስ ወደ እኔ አልመጣም። ሥራዬ ሳስቶ ሳስቶ ሳውዝ ሲ ባሉ ሦስት አራት ቤቶች ላይ ቀረ።

የነርሷ እናት ግን "የፓርክላንድሱን ሰው ሳላመሰግን አልሞትም" ብለው ተነሡ። ልጃቸው "የሚመሰገን ነገር የለም፣ እማዬ" አለቻቸው፤ እንደሆነው ሁሉ፣ ከሳጥኑ እስከ ስኒው ነገረቻቸው። አልሰሙ። "ስሙ በከንቱ ከሚነሣ፣ ሄጄ ልመርቀው" አሉ። እሷ አልሄድም አለች። እሳቸውን ደግፌ የምወስድ እኔ ሆንኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት፤ እንዲህ ያለች አዋቂ ሴት እንዴት ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ትሄዳለች እያልኩ።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሰውየው አሮጊቷን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ሶፋው ላይ ቦታ አስለቀቀላቸው። ብስኩት አቀረበላቸው፤ በሽታዬ አይፈቅድልኝም አሉና ውኃ ያዙ። ከዚያ ሰዉ ዝም እስኪል ጠብቀው ጀመሩ።

"ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። ልጄን ሥራ አስያዙልኝ።"

"ምንም አይደለም፣ እማማ። የጌታ ሥራ ነው።"

"የለም፣ ልናገር። ልጄ ወረቀቷን በር ላይ ያለ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት ነው የምትለኝ። እንዲህ ያለ ሳጥን፣ ድሃ ማንንም ሳይለምን ወረቀቱን የሚጥልበት፣ በሰው ደጅ ያኖረ ሰው ማን ነው ብዬ ሳስብ ከእርስዎ ሌላ አልመጣልኝም። ሳጥኑን ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት አይደል?"

ሳሎኑ ውስጥ ሰው ብስኩቱን እንኳ ማኘክ አቆመ። ብዙዎቹ ስለ ሳጥኑ መኖር መስማታቸው ገና ነው። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እ… ብቻዬን አይደለም፣ እማማ" አለ። "ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተመካክረን ነው።"

"ይባርክዎት" አሉ። "የት እንዳለ ለነዚህም ልጆች ይንገሯቸው እንጂ።"

በሩ አጠገብ የፕላስቲኳ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ያኔውኑ "የት ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ። ጄኔቫ በዚያ ቀን አልተነሣም።

ስንወጣ እጃቸውን ይዤ ወደ ማታቱ ማቆሚያው አዘገምን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ ስለ እሳቸው ያሰብኩትን ያወቁብኝ መስሎኝ አፈርኩ።

"አንተ ወንድሜ" አሉኝ ጥቂት እንደ ሄድን። "ዓይኔ እንደምታውቀው ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልታየኝም። ስለ ሳጥኑ ስነግረው እንዴት ሆነ?"

"መጀመሪያ ቀላ" አልኳቸው።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

ማታቱው መጣ። ደግፌ አሳፈርኳቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እስከ ኢስትሊ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጢም ስላለው ኃላፊም ጨመርኩላቸው።